ደሴ ላይ የሚቀረጽ የፍቅር ኮሜዲ፦ ማሲንቆ የያዘ ልጅና ክራር የያዘች ልጅ፣ ምክር እፈልጋለሁ

የሰኞ ገበያ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ95 ገጽ የፊልም ጽሑፍ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ ነኝ። ዘውጉ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ልጁ ማሲንቆ ይጫወታል፤ ልጅቷ ክራር ትመታለች፣ ትዘፍናለችም። ሁለቱም ደሴ ያደጉ ናቸው፤ የሁለቱም ሕልም አዲስ አበባ ገብቶ የራስን ሥራ ማውጣት ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ በየተራ ይሠራሉ። ባለቤቱ ለሁለት ሰው መክፈል ስላልቻለ አንዳቸውን ሊያሰናብት ወስኗል። በዚህ መሀል ባቲ የሠርግ ሥራ ይመጣል፤ ጠሪዎቹ የፈለጉት ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ፍቅሩም እዚያ ይጀምራል።

የቸገሩኝ አራት ነገሮች ናቸው። ሳቁ ሁሉ የሚመጣው ከባለቤቱና ከአንድ ጠጪ ደንበኛ ነው፤ ሁለቱ ዋናዎች ሲገናኙ ግን ይነታረካሉ እንጂ አያስቁም። ሁለተኛ፣ ተዋናዩ ማሲንቆ ይዞ አያውቅም፣ ተዋናይቷ ክራር ጥቂት ትሞክራለች፤ ለልምምድ ያለን ሁለት ወር ነው። ሦስተኛ፣ ዘፈኖቹን እዚያው በቀጥታ ልቅረጽ ወይስ ስቱዲዮ ተሠርተው በፕሌይባክ (ቅጂው እየተጫወተ ተዋናዮቹ እየተከተሉት) ይሁኑ? ያለን አንድ ካሜራ፣ አንድ ቡም ማይክ፣ ሁለት የደረት ማይክና ባለ አራት ቻናል መቅጃ ነው። አራተኛ፣ ሁለት ቦታ ላይ የቆየ የወሎ ዘፈን ማስገባት እፈልጋለሁ። «የሕዝብ ነው፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ቀረጻውን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ለመጀመር አስበናል።


ባለ ክር

እታለም፣ አብሽሪ። ሳቁ እጅሽ ላይ ነው ያለው፤ ልጆቹ በያዙት መሣሪያ ውስጥ። ባለቤቱንና ጠጪውን ለጊዜው እርሻቸውና ማሲንቆውንና ክራሩን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው።

ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው። ተጫዋቹ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት መሻገር ቢፈልግ መቃኛውን መንካት የለበትም፤ ጣቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ መለወጥ ብቻ ይበቃዋል። ዘፈኑ መሀል ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ ይሻገራል። ክራር ግን እንዲያ አይደለም። ስድስቱ ክሮች ለአንድ ቅኝት ተወጥረዋል፤ አምስቱ አምስቱን ድምፆች፣ ስድስተኛው የአንዱን ድግግሞሽ ይዟል። ቅኝት ለመቀየር መቆም፣ ክር ማላላት ወይም ማጥበቅ፣ ማዳመጥ፣ እንደገና መንካት አለባት። ቀልጣፋ እጅ እንኳ አንድ ደቂቃ ይወስድበታል።

ስለዚህ ልጁ ሊያበሽቃት ሲፈልግ መጮህ የለበትም። አብረው በተቀመጡበት የመጀመሪያ ምሽት፣ እሷ በትዝታ እያንጎራጎረች፣ እሱ ሳያስጠነቅቃት ባቲ ይገባል። ቤቱ ያጨበጭባል። እሷ ክራሯን ይዛ አፏን ከፍታ ትቀራለች፤ የምትመታው ክር ሁሉ ከሱ ጋር ይጋጫል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ተመልካቹ ማን ማንን እንደነካ ያውቃል። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ መጋጨቱን በጆሮው ይሰማዋል።

ቁጥሩን በትክክል ልንገርሽ፣ ጽሑፉ ላይ እንዳትሳሳቺ። መነሻውን ዶ ብንል፣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ስለዚህ ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሄድ ሦስት ክር ይነካል፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ። ሦስቱም የሚጠብቁ ናቸው፣ አንዱም አይላላም። ተናዳ በችኮላ ብታጠብቅ ክር ሊበጠስባት ይችላል፤ ባይበጠስ እንኳ ገና የተወጠረ ክር ቶሎ ስለሚላላ በሁለተኛው አዝማች ድምፁ ወርዶ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለኮሜዲ የተሰጠ ነው።

አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚቀየረው፦ ሶል በግማሽ ይወርዳል፣ ላ ፍላት በግማሽ ይወጣል። ከትዝታ ማይነር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ወደ አምባሰልም እንዲሁ ሁለት ነው። ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ሲጣሉ ሦስት ክር የሚያስነካ ለውጥ፣ ሲቀራረቡ ሁለት ክር የሚያስነካ ለውጥ ብታደርጊው፣ የልጅቷ እጅ መቃኛው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ራሱ እያጠረ ይሄዳል። ተመልካቹ አይቆጥረውም፣ ግን ይሰማዋል።

ቅኝቶቹን ከቦታው ጋር ማያያዝሽ ደግሞ ግድ ነው፤ ወሎ ላይ ነው የምትቀርጪው። አምባሰልም ባቲም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስትል የሰማ የደሴ ሰው ሐሰተኛ አምባሰል አይቀበልም። ጽሑፍሽ ላይ «በባቲ ቅኝት ይዘፍናል» ብለሽ ከሆነና ስቱዲዮ የሰጡሽ ትዝታ ከሆነ፣ ፊልሙ ደሴ በታየ በመጀመሪያው ቀን ይነገርሻል።

ሌላው ያልተጠቀምሽበት ሀብት «ተቀበል» ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ ደንበኛ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ የሰጡትን ላለማለት ምክንያት የለውም። ጠጪው ደንበኛሽ እዚህ ላይ ነው ሥራ የሚኖረው። ዝም ብሎ ከሚንገዳገድ፣ ልጁ ደፍሮ ሊላት የማይችለውን ግጥም አድርጎ ይስጠው። ልጁ ተቀብሎ ሲያዜም የራሱን ልብ እየተናገረ መሆኑን መሀል ላይ ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል፦

ስድስት ክር ሙሉ ስትቃኝ አምሽታ፣
እኔን ሳትቃኘኝ ሰጠችኝ ለትዝታ።

ሰሙ ክራር ነው፣ ወርቁ ዓይን ነው፤ «መቃኘት» መመልከትም ነውና። ቤቱ ሰሙን ሰምቶ ይስቃል፣ ልጅቷ ወርቁን ሰምታ ዝም ትላለች። አንድ ትዕይንት ውስጥ ሳቅና ፍቅር አንድ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። ግጥሙን ለሚያውቅ ሰው ሰጥተሽ አሠሪ፤ ቤት መምታት ብቻ አይበቃም፣ ሰሙ ብቻውን ቢሰማም ስሜት ሊሰጥ ይገባል። ወርቁን ካልሰማ በቀር ምንም የማይገባው ግጥም ምሽት ቤት ውስጥ ይሞታል።

ስለ ባቲው ሠርግም አንድ ነገር። ባቲ የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ ከተማ ናት። ሠርጉ የማን ቤት እንደሆነ ወስኚ። ሠርገኛው በኦሮምኛ ዘፈን ቢጠይቅና ከደሴ የመጡት ሁለቱ አንድም ባያውቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን የሚሆኑበት ትዕይንት ይኸው ነው። የሙሽራዋ አክስት እያስተማረቻቸው እሱ በማሲንቆ ዜማውን ይለቅማል፣ እሷ በክራሯ ምቱን ትይዛለች። ሁለቱም የማያውቁትን ነገር አብረው ሲማሩ ነው ሰው የሚዋደደው። ሠርገኛው ግን መሳቂያ እንዳይሆን፤ ሳቁ ባለማወቃቸው ላይ ይሁን።

«ሕልም» የምትዪውን ደግሞ አሳንሺው። አልበምና አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ካሜራ አይይዘውም። አንድ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ለማውጣት የስቱዲዮ ክፍያ ሊሞላ የቀረው ገንዘብ፣ እሱን የሚሞላው የሠርግ ሥራ፣ በዚያው እሑድ ደሴ ላይ የተቀጠረ የድምፅ ፈተና፤ ይህ ይበቃል። ከባቲ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ደሴ ያለው መንገድ ራሱ የሰዓት ሽኩቻ ይሆንልሻል።


ደጋን

ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ ስለ ተዋናዮቹ እጅ ልናገር። ሁለት ወር ማሲንቆ አያስተምርም፤ ማሲንቆ የሚችል ሰው ለማስመሰል ግን ይበቃል፣ በትክክል ከተከፋፈለ።

በማሲንቆ የሚያጋልጠው ደጋን የያዘው ቀኝ እጅ ነው፣ የግራው ጣቶች አይደሉም። ተመልካቹ የግራውን ጣት አይከታተልም፣ ደጋኑ ከዜማው ጋር ሲሳሳት ግን ወዲያው ያያል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጭራውን ባዶውን፣ ያለ ጣት፣ ደጋን ብቻ ይሳብ። በቀን 40 ደቂቃ። ክንዱ ከትከሻው ሳይሆን ከክርኑና ከእጅ አንጓው መንቀሳቀስ አለበት፤ ከትከሻ የሚስብ ሰው ሩቅ ሆኖም ጀማሪ መሆኑ ይታወቃል። ድምፁ ቢንሸራተት ደጋኑ ላይ ዕጣን ይታሸት። ጭራው ካልያዘ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይነበባል፣ ፍቅረኛ ሆኖ መሥራት አይችልም።

በአራተኛው ሳምንት ጣት ይጨመር። እዚህ ላይ ጊታር የሚያውቁ ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፦ ማሲንቆ ላይ ጭራው እንጨቱ ላይ አይጫንም። ጣቶቹ ጭራውን ከጎን ይነኩታል፣ እንጨቱ ጋ አይደርስም። ተዋናዩ እንደ ጊታር ቢጫን ቅርብ ምስል ላይ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በፊልሙ ያሉትን ዘፈኖች ብቻ፣ ከስቱዲዮ ከወጣው ቅጂ ጋር እየተከተለ ይለማመድ። ሌላ ዘፈን መማር ጊዜ ማባከን ነው።

ለቅርብ ምስል ባለሙያ እጅ ተጠቀሙ። የሸሚዙ እጅጌ አንድ ዓይነት፣ በአንድ መጠን የተጠቀለለ ይሁን፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ጥፍር ይታይ። ካሜራውን ከተጫዋቹ ትከሻ ኋላ አድርጋችሁ ወደ ታች ብታዩ እጁ የማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ወደ ተዋናዩ ፊት ስትቆርጡ ደጋኑ ወደ የት እየሄደ እንደነበር መዝግቡ። ወደ ውጭ እየሳበ የነበረ እጅ በሚቀጥለው ምስል ወደ ውስጥ ሲገፋ ከታየ፣ ዘፈኑ ቢገጥም እንኳ ዓይን ይጎረብጠዋል። ይህን የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ፣ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

የክራሯ ልጅ ላይ አልሰጋም፣ በሁለት ወር ሁለት ዘፈን ታወጣለች። ይልቅ መቃኘቱን በደንብ ተለማመዱ፤ ታሪኩ መቃኘት ላይ ከቆመ ያቺ አንድ ደቂቃ በትክክል መታየት አለባት። ጆሮዋን ወደ ክራሩ ታስጠጋለች፣ በአንድ እጇ ክሩን ትነካለች፣ በሌላው ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ ትጠመዝዛለች፣ ዓይኗ የትም አያይም። የሚቃኝ ሰው ዓይን ባዶ ነው፤ ማዳመጥ ላይ ነው። ልጁ ከማዶ ሆኖ ሊያያት የሚችለው ያኔ ነው፣ እሷ ስለማታየው።


የሰኞ ገበያ ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። የመቃኘቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ አሁን ግን ሙሉ ጽሑፉን ይዤ እንደገና ልጀምር ነው። የቀረጻው ጥያቄ ይቀረኛል፦ መቃኘትና «ተቀበል» ካለበት ሁሉም በቀጥታ ይቀረጽ? ደግሞ ደሴ ላይ ድምፅ መቅረጽ እንዴት ይቻላል፣ ከተማው ዝም አይልም።


ድምፅ መቅጃ

ሁለቱንም ተጠቀሙ፣ ግን የቱ በየቱ እንደሆነ ከአሁኑ ይወሰን። የተቀናበረ ሙሉ ዘፈን (የሠርጉ፣ የመጨረሻው) በፕሌይባክ። መቃኘት፣ ግጥም መቀባበል፣ ቡና ላይ የሚንጎራጎር ነገር በቀጥታ። በፕሌይባክ የተሠራ «ተቀበል» ሕይወት አይኖረውም፤ ሰውየው ግጥሙን የሚሰጥበትና አዝማሪው የሚቀበልበት መዘግየት በየቀረጻው ስለሚለያይ።

የፕሌይባኩ ሥራ እንዲህ ይሂድ። ዘፈኑ ከቀረጻው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተሠርቶ ይለቅ፤ ተዋናዮቹ የሚለማመዱት በዚያው ቅጂ ነው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ዌቭ ፋይል አስወጡ። ስቱዲዮዎች ለዘፈን ብዙ ጊዜ 44.1 ነው የሚሠሩት፤ በትክክል ሳይቀየር እንደ 48 ከተነበበ ወደ 9 ከመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ቀጥኖ ከቅኝቱ ይወጣል። ከዘፈኑ በፊት የሁለት ባር (የምት ዙር) ቆጠራ ይጨመርበት፣ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ እንዲገባ።

ቦታው ላይ ከስፒከር በገመድ ይጫወት፣ በብሉቱዝ አይሁን። መቅጃችሁ አራት ቻናል ስላለው ቡሙን በአንደኛው፣ የደረት ማይኮቹን በሁለተኛውና በሦስተኛው አድርጉና አራተኛውን ከማጫወቻው በገመድ አስገቡ። ኤዲተሩ ምስሉን ከስቱዲዮው ቅጂ ጋር የሚገጥመው በዚህ በአራተኛው ነው። ስፒከሩ በብሉቱዝ ከሆነ ተዋናዩ የሚሰማው ዘግይቶ፣ አራተኛው ቻናል ላይ ያለው ቀድሞ ይሆናል። የ0.2 ሴኮንድ መዘግየት በ25 ፍሬም ቀረጻ 5 ፍሬም ነው፤ ከንፈር ከድምፅ ተለያይቶ በግልጽ ይታያል። ስፒከሩ 10 ሜትር ቢርቅ ግን ድምፁ የሚዘገየው ከአንድ ፍሬም ያነሰ ስለሆነ አያሳስብም።

ካሜራው 25 ፍሬም፣ ሹተሩ 1/50 ይሁን። የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው፤ በ30 ፍሬምና በ1/60 ብትቀርጹ የምሽት ቤቱ አምፖሎች ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፣ ኋላም ለመጠገን ይከብዳል። ተጨማሪ ምስል በስልክ የምትይዙ ከሆነ ፍሬሙን የሚያቆልፍ አፕ ተጠቀሙ፤ ስልክ በራሱ ፍሬሙን ስለሚያለዋውጥ ሦስት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ ከንፈሩ ይለቃል።

ተዋናይቷ በፕሌይባክ ጊዜም እውነት ትዝፈን፣ ጮክ ብላ። አፍ ብቻ ያንቀሳቀሰች ዘፋኝ አንገቷ ላይ ሥር አይታይም፣ ትንፋሽ አትወስድም፣ ይታወቃል። በሠርጉ ዘፈን መሀል ንግግር ካለ ደግሞ ዘፈኑን ለመነሻ አሰሙና ዝጉት፤ አጃቢው ያለ ድምፅ ያጨብጭብ፣ መዳፍ ከመዳፍ ሳይነካ። የንግግሩ ድምፅ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ዘፈኑና ጭብጨባው በኋላ ይገባል።

በቀጥታ የሚቀረጸው ላይ ዋናው ጠላት የማሲንቆው ቆዳ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማታ ትበርዳለች፣ ጭጋግም አለ። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። በመብራት ፊት ሲሞቅ ይጠብቃል፣ ድምፁ ይወጣል። የመጀመሪያውና የአሥረኛው ቀረጻ ካልተገጣጠሙ መቁረጥ አትችሉም። ስለዚህ ዶ የትኛው እንደሆነ ከስቱዲዮው ቅጂ ወስዳችሁ በስልክ መቃኛ አፕ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ለኩ። ማሲንቆውም ክራሩም ከመጀመሪያው ቀረጻ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ከነመብራቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ። ባቲ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞቃት ነው፣ ቆዳው ይደርቃል። የደሴውን ልኬት ይዛችሁ አትሂዱ።

ስለ ከተማው። ጥቅምት ጥሩ መርጣችኋል፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ በልጉ አልመጣም። በዝናብ ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር መቅረጽ አይታሰብም። አዛኑን ቀረጻ ከማውጣታችሁ በፊት ከአካባቢው መስጊድ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ያዙት፦ ዙሁር በጥቅምት ከ6 ሰዓት ጥቂት አልፎ ነው፣ ምሳችሁን እዚያ ላይ አድርጉ፤ በአስር ሶላት ጊዜ ድምፅ የሌለበት ምስል ያዙ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ንግግር አይያዝ። ፀሐይዋም በጦሳ ተራራ በኩል ስለምትጠልቅ ከተማው ጥላ ውስጥ የሚገባው ቀደም ብሎ ነው፤ የማታ ብርሃን እጠብቃለሁ ብላችሁ የ11 ሰዓት ተኩል ትዕይንት ከጻፋችሁ ወደ 10 ሰዓት አምጡት፣ ወይም አዝዋ ገደል በኩል ወጥታችሁ ቅረጹት።

ቤት ውስጥ ፍሪጅ ይጥፋ። የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሳታበሩት ቤቱን ለቃችሁ መሄድ አትችሉም። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ከካሜራው ጀርባ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ማስተጋባቱ ይቀንሳል። ከእያንዳንዱ ቦታ ከመልቀቃችሁ በፊት 30 ሴኮንድ ዝም ያለውን ክፍል ቅረጹ። የንግግሩና የዘፈኑ ድምፅ መጠን በአማካይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ሲጮኽ እንኳ ከዜሮ በታች 6ን አይሻገር፤ ዘፋኝ ስትሞቅ ድምፅ ትጨምራለች፣ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ አይመለስም። መብራት ከጠፋ በባትሪ የሚሠሩ ኤልኢዲዎች ለምሽት ቤቱ ይበቃሉ። ጀነሬተር ባይኖራችሁ ለድምፁ ጥሩ ነው።


ሕግ አዋቂ

አራተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። «የሕዝብ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ለችግር የሚዳርግ ነው።

አንድ የተቀረጸ ዘፈን ውስጥ ብዙ ሰው አለ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ድምፃዊው፣ የቀረጸው አሳታሚ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከዋኙ (ድምፃዊው ወይም ተጫዋቹ) እና ድምፁን የቀረጸውም ለየብቻ መብት አላቸው፣ እሱም 50 ዓመት ነው። ዜማው ከአያት የወረደ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ አውርደሽ ብታስገቢ የወሰድሽው ዜማውን ብቻ አይደለም፣ ያ ድምፃዊና ያ አሳታሚ የሠሩትን ነው።

ስለዚህ መንገዱ፣ ባለቤቱ የማይታወቀውን ዜማ በራስሽ ልጆች፣ በራስሽ ቅንብር እንደ አዲስ ማዘፈን ነው። ከዚያ በፊት ግጥሙን ስንኝ በስንኝ አጣሪ። ባህላዊ የሚባሉ ብዙ ዘፈኖች ዜማቸው የቆየ ሆኖ ግጥማቸው በስሙ የሚታወቅ ሰው የጻፈው ነው። ስንኙ ከአንድ የታወቀ ቅጂ ጋር ቃል በቃል ከገጠመ ወይ አስፈቅጂ ወይ አዲስ አስጽፊ። ከላይ ባለ ክር እንዳለው አዲስ ግጥም ከሆነ ለታሪኩም ይስማማል።

ለፊልሙ ከሚጻፈው ዘፈን ጋር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ መብት በቃል አይተላለፍም። ውሉ ላይ ይለይ፦ የትኛው ሥራ፣ ስንት ደቂቃ፣ ለሲኒማ ብቻ ወይስ ለቴሌቪዥን፣ ለዩቲዩብና ለውጭ አገርም፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ። ሰዎች የሚረሱት አንድ አንቀጽ አለ፦ ዘፋኞቹ ዘፈኑን ከፊልሙ በፊት ለብቻው ማውጣት ይችላሉ ወይ? ወጣት ሙዚቀኞች ስለሆኑ ይፈልጉታል፣ ለፊልምሽም ማስታወቂያ ነው፤ ግን ማን በማን ቻናል፣ ገቢው ለማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን የሌላ ሰው የባህል ዘፈን ቅጂ በኮንተንት አይዲ (ዩቲዩብ ቅጂዎችን በሚለይበት ሥርዓት) ተመዝግቦ የይገባኛል ጥያቄ ሊያስነሳብሽ ይችላል፤ ውሎቹንና የስቱዲዮውን ጥሬ ፋይል በቀን ለይተሽ አስቀምጪ፣ ክርክሩ ላይ የሚረዳሽ እሱ ነው።

በቀረጻ ጊዜ ደግሞ ከታክሲና ከሱቅ የሚሰማ ዘፈንም ዘፈን ነው። ጎረቤት ሱቁን ለአሥር ደቂቃ እንዲዘጋልሽ ለምኚ። የቦታ ፈቃድ ደብዳቤውን ከከተማው ባህልና ቱሪዝም አስቀድመሽ አውጪ፤ የባቲው ለብቻው ነው፣ የደሴው እዚያ አይሠራም።


የሰኞ ገበያ ልጅ

ጋሽ ባለ ክር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መጨረሻው ላይ ልጁ ይቅርታ ጠይቆ በሷ ቅኝት እንዲቆይ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። እንደርስዎ ሐሳብ ይህ ደካማ አይሆንም?


ባለ ክር

ይሆናል። እሱ አንድ ቅኝት ላይ ቢቆይ የማሲንቆው ጥቅም ቀረ፣ እሷም አላሸነፈችም። እሱ እንደ ልማዱ ከትዝታ ወደ ባቲ ይሻገር፣ ቤቱም ልክ እንደ መጀመሪያው ምሽት እሷ ላይ ሊስቅ ይዘጋጅ። እሷ ግን የያዘችውን ክራር አስቀምጣ፣ በባቲ የተቃኘ ሁለተኛ ክራር ከጎኗ አንስታ ምቱ ሳይጎድል ትግባበት። ደንግጦ ደጋኑ የሚቆመው የሱ ይሁን።

ይህ እንዲሠራ ሁለተኛው ክራር በድንገት የመጣ እንዳይመስል። ገና በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታይ፣ አንድ ክሩ የተበጠሰ። መሀል ላይ፣ ከባቲ ሲመለሱ፣ እሱ ራሱ ክር ገዝቶ ይስጣት፤ ለምን እንደምትፈልገው አይጠይቅ። ሁለቱ ክራሮች አንድ ዓይነት ዶ ላይ መቃኘታቸውን ደግሞ ድምፅ ሠራተኛው ይለካ፣ ልዩነት ካለ ያቺ ቅጽበት ትበላሻለች። ትዕይንቱን በአንድ ሰፊ ምስል፣ ሳይቆረጥ ያዙት፤ ክራር ስትቀይር እጇ መታየት አለበት። ሁለት ምት ነው ያላት፣ ተለማመዱት።